ማኑሄ ካረፈ በኋላ የሳቅሁት ሳቅ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር
መጋቢት 29 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ባለቤት ለሰርካዲስ፣ ዳላስ አጠገብ ሜስኪት ለምትኖሪው፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ልጅሽን ፅዮንን ያሳድግልሽ። እኔንም እንዲያጸናኝ ለምኚልኝ፤ ገና አልጸናሁም።

መርዶው የደረሰኝ መጋቢት 13 ቀን ቅዳሜ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው። የቤቴን በር መቀርቀሪያ ማኑሄ በአሥራ አምስት ዓመቱ ከአሮጌ አልጋ ብረት ቆርጦ የሠራልኝ ነው። ከፍ አድርገው ወደ ራሳቸው ሳብ ካላደረጉት አይለቅም። ጎረቤቶቼ ሁሉ መላውን ስለሚያውቁት አያንኳኩም፤ ከፍ፣ ሳብ አድርገው ይገባሉ። ያን ቀን ግን አንድ ሰው በሩን ይገፋል፣ አሁንም ይገፋል፣ በሩ እምቢ ይለዋል። የሩቅ ሰው ነው ብዬ ተነሳሁ። ስከፍት ወንድሜ ሙሉዓለም ቆሟል። የሚኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ዋዜማውን መጥቶ ጎረቤቴ ሰብለወርቅ ቤት አድሮ ኖሯል። ከኋላው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቋል። ማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ያለኝ አንድ ነው።

ሰባት ቀን አለቀስሁ። በስምንተኛው ቀን ሙሉዓለምን “መቼ ነው?” አልሁት።

መሬት መሬት እያየ “ኅዳር 14” አለኝ።

“የትኛው ኅዳር?”

“የዘንድሮው።”

በጣቴ ቆጠርሁ። አራት ወር።

“ዓይንሽ እስኪድን ብለን ነው እኮ፣ እትዬ። ሐኪሙ እንዳታለቅሺ፣ እንዳታጎነብሺ አላለሽም?”

እውነት ነው፤ በኅዳር መጀመሪያ የዓይኔ ሞራ ተገፍፎልኝ ነበር። “ዓይኔስ ዳነ፤ ድኖ ያየው ግን የተዘቀዘቀ ነጠላ ነው” አልሁት። ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተነጋገርንም።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። ከኅዳር 14 በኋላ በልጄ ስም ሦስት ደብዳቤ መጥቶልኛል። የታኅሣሥ፣ የጥርና የየካቲት። የእጅ ጽሕፈቱ ያንቺ ነው፤ ሁልጊዜም ያንቺ ነበር። እሱ ሲናገር አንቺ ትጽፊ እንደነበር አውቃለሁ። “እኔ እስክሪብቶ ስይዝ ምስማር የያዝሁ እየመሰለኝ ወረቀቱን እበሳዋለሁ” ብሎ ነግሮኛል። ስለዚህ በጽሕፈቱ መለየት አልቻልሁም።

በጥር ወሩ ደብዳቤ የፍሪጁ ነገር አለበት። አንድ ከአገር አዲስ የመጣ ሰው “ፍሪጁ ሲዘጋ መብራቱ ይጠፋል ወይስ አይጠፋም?” ብሎ ማኑሄን ይጠይቀዋል። ማኑሄም “አይዞህ፣ ውስጥ መብራት የሚያጠፋ ሰውዬ ተቀጥሯል። ዲቪ ደርሶት የመጣ የወሎ ልጅ ነው፤ ብርዱን ግን አልቻለውም” ይለዋል። በማግስቱ ማኑሄ ፍሪጁን ቢከፍት ጋቢ ተጣጥፎ ገብቶበታል። ዓይኔ ገና ፊደል አልለይ ብሎኝ ስለነበር ሰብለወርቅ ነበረች የምታነብልኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ድገሚልኝ አልኋት፤ ደገመችልኝ፤ ደግሜ ሳቅሁ። እሷ ያን ጊዜ ታውቅ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ልጄ አፈር ከለበሰ ሁለት ወር አልፎት ነበር።

ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ በትልቅነቴ ነው። ስጽፍ እዘገያለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ከጀመርሁ ስምንተኛ ቀኔ ነው። አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ገንዘብ አትላኪ፣ ልብስ አትላኪ። ከነዚያ ሦስት ደብዳቤዎች ውስጥ የልጄ ቃል አለ ወይስ የለም? ከቤት ከወጣ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ልጄ ለእኔ ወረቀት ነበር። የትኛው ወረቀት ልጄ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።

የማኑሄ እናት
ትርንጎ



ሜስኪት፣ ቴክሳስ
ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ ለወይዘሮ ትርንጎ፤

ጉልበትዎን ስሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዓይንዎን እንዴት አደረገልዎት? በዓሉ እንዴት አለፈ ብዬ አልጠይቅም፤ እዚህም እንዴት እንዳለፈ አውቃለሁና።

ሳልሸፋፍን ልመልስልዎ። ሦስቱንም ደብዳቤዎች የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ማኑሄ አልነበረም። የእሱ የመጨረሻ ደብዳቤ የጥቅምቱ ነው፤ “እማ፣ መቀርቀሪያው ዝጎ እንደሆነ ዘይት አስቀቢው” የሚለው።

ጋሼ ሙሉዓለም ጋ ደውዬ ስነግራቸው “ዓይኗን ልታጠፊው ነው? ለጊዜው ዝም በይ። ደብዳቤ ካቋረጥሽ ግን ትጠረጥራለች” አሉኝ። እኔም እሺ አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። እርስዎ ባላወቁ ጊዜ፣ አንድ የዓለም ጥግ ላይ ማኑሄ ገና በሕይወት ያለ ይመስለኝ ነበር። ይህንን ለጋሼ ሙሉዓለምም አልነገርኳቸውም።

በታኅሣሥ ልጽፍ ስቀመጥ “ደህና ነኝ” ብዬ እጄ ቆመ። ማኑሄ ደብዳቤ ሲያስጽፈኝ አንድ ቀን እንኳ ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። የኩሽናው ሲንክ ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ እየታየ “ጻፊ፣ ሰርካዲስ!” ይላል። “ምን ብዬ?” እለዋለሁ። “‘እማ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ተወልጄ ቧንቧ ጠጋኝ ባልሆን ነበር የሚገርመው’ በያት። ፒንሳውን አቀብዪኝ። ፒንሳውን ግን እንዳትጽፊው።” እሱ ከሌለ ምን እንደምጽፍ አላውቅም ነበር። ስለዚህ የሚያውቁትን ሰዎች እየዞርኩ ጠየቅኩ። የነገሩኝን ጻፍኩ።

በታኅሣሡ ደብዳቤ ያለው የሠርግ ነገር የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የሚሠራው ሦስት መቶ በር ባለው አፓርታማ ነበር፤ ሜንቴናንስ ይሉታል፤ የሚንጠባጠበውንም፣ የሚጮኸውንም፣ የተሰበረውንም የሚጠግን እሱ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ለአገር ልጅ ሁሉ ይሠራል፤ አንዱ ፋርመርስ ብራንች፣ አንዱ ግሬፕቫይን ከሚባል ከተማ ይጠራዋል። ያን ቅዳሜ ከሥራ በቀጥታ ሠርግ ቤት ገባና የመሣሪያ ቀበቶውን ሳይፈታ እስክስታ ወረደ። ካቻቢቴው፣ ቁልፉ፣ መዶሻው አብረው ሲንቀጫቀጩ ከበሮ መቺው “ይሄ ሰው ካለ እኔ ልውረድ” አለ። የየካቲቱም እውነት ነው፤ ለፅዮን ከአሮጌ ወንበር ዥዋዥዌ ሠርቶላታል፤ አሁንም ጓሮ ተሰቅሏል። የፍሪጁም እውነት ነው።

እማማ፣ ቀኑ ብቻ ነው ውሸቱ። ቀኑና በሱ ስም “ገና ዕለት ልደውልልሽ ብል የስልክ መስመር እምቢ አለኝ” ያልኩት። ለዚያኛው ምንም ምክንያት የለኝም።

ያረፈው ሥራ ላይ እያለ ልቡ ቆሞ ነው። ብቻውን አልነበረም።

ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ ሰርካዲስ



ደሴ
ሰኔ 4 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለሰርካዲስ፤

ከነልጅሽ ጤና ይስጥሽ። ዓይኔ ደህና ነው፤ ደብዳቤሽን ራሴ ነኝ ያነበብሁት።

እውነቱን ስለነገርሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤዎቹን ሁለት ቦታ አሰርኋቸው። የጥቅምቱንና ከዚያ በፊት የመጡትን በአንድ ክር፣ ያንቺን ሦስቱን ለብቻ። ያንቺን ልጥላቸው አስቤ ነበር። አልጣልሁም። ለምን እንዳልጣልሁ አትጠይቂኝ።

ቀኑ ብቻ ነው ውሸቱ ብለሻል። ለእናት ዋናው ቀኑ ነው። የሞተ ልጅ ያላት ሴት ጥር ላይ አትስቅም። ሰፈሩ ሁሉ አይቶኛል። እኔ ስስቅ ማን ማን ያውቅ እንደነበር አሁንም መንገድ ላይ ፊታቸውን እያየሁ እገምታለሁ።

ብቻዬን ስቀመጥ ልጅነቱ ይመጣብኛል። ሥራ ይወድ ነበር፣ ጨዋታም ይወድ ነበር፤ ሁለቱን ለይቶ አያውቅም። የአባቱን ሬዲዮ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ፈታታው። አርጩሜ ይዤ ስቀርበው ምን ያደርግ መሰለሽ? ይሞትብኛል። ዘፍ ብሎ ይወድቅና ትንፋሹን ይዞ ይጋደማል። ብጠራው የለም፣ ብነካው የለም። እኔ እስክስቅ ድረስ አይነሳም። ሳቄን ሲሰማ አንድ ዓይኑን ብቻ ይገልጣል። አንድ ቀን በጣም አቆየብኝና ጮህሁ፤ ጎረቤት ተጠራርቶ ገባ። አንድ ዓይኑን ገልጦ “ዳቦ ይዘው ነው የመጡት?” አለኝ። ሬዲዮውን ግን ገጥሞ ሰጠን። ከበፊቱ የተሻለ ይጮኽ ነበር።

አሁን የምጠይቅሽ ሌላ ነው። “ብቻውን አልነበረም” ብለሽ አለፍሽው። ማን ነበር ከልጄ ጋር? የመጨረሻ ቃሉስ ምን ነበር? ያንን ካልነገርሽኝ አሁንም አንድ ደብዳቤ ደብቀሽብኛል ማለት ነው።

ዝናቡ ገብቷል። መቀርቀሪያውን ዘይት አስቀባሁት።

ትርንጎ



ሜስኪት
ነሐሴ 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለእናቴ ለወይዘሮ ትርንጎ፤

ጤናዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ፤ ክረምቱንም በሰላም ያውጣዎ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። ዝም ያልኩት ንቄ አይደለም። በልጅነቱ ሞቶ ይጫወት ነበር፣ አንድ ዓይኑን ይገልጥ ነበር የሚለውን አንብቤ ወረቀቱን አጠፍኩትና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ደግሜ እስካወጣው ይህን ያህል ቆየሁ። ለምን እንደሆነ አሁን ይረዱኛል።

ከእሱ ጋር የነበረው ሸምሱ የሚባል ጓደኛው ነው። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ከመጣ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ግሬፕቫይን ባለ አንድ ሆቴል የእንግዳ መኪና ይነዳል። የፍሪጁ ሰውዬ እሱ ነው። ጋቢውን ያስገባው ቀልዱ ገብቶት፣ ማኑሄን መልሶ ለማሳቅ ነበር። ማኑሄ ግን “አምኖኝ ጋቢ አስገባ” እያለ ለዳላስ ሰው ሁሉ አወራበት። ሸምሱም “ቀልዱን እንዳላበላሽበት ብዬ ሞኝ ሆኜ ቀረሁ” አለኝ። ለጥር ወሩ ደብዳቤ ነገር ፍለጋ ስዞር “ይሄንን ጻፊላት፣ እናት ናት፣ ትንሽ ትሳቅ” ብሎ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው።

ማኑሄ እዚህም ሞቶ ይጫወት ነበር፣ እማማ። በልደትም፣ በክርስትናም፣ ሕፃናት ከተሰበሰቡ ዘፍ ይላል። እነሱ ይኮረኩሩታል፣ ፀጉሩን ይጎትቱታል። አንድ ዓይኑን ሲገልጥ እየጮሁ ይበታተናሉ።

ኅዳር 14 ቅዳሜ ነበር። የሸምሱ ቤት የውሃ ማሞቂያ ተበላሽቶ እሱን ሊጠግን ሄደ። አምስት ሰዓት ላይ ጨረሰ። ቧንቧውን ከፍቶ እጁን ከነሳሙናው አስገባና ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። “ሸምሱ፣ ሙቅ ውሃህ መጥቷል። ከእንግዲህ ታጥበህ ሰው መሃል ትገባለህ” አለው። ከዚያ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

የመጨረሻ ቃሉ ይኸው ነው።

ሸምሱ ሳቀ። “ተነስ አንተ፣ ሒሳብ ላለመቀበል ነው የሞትከው?” አለው። ሻይ ሊያፈላ ሄደ። ተመልሶም ሳቀ። አንድ ዓይኑን እስኪከፍት ጠበቅኩ ነው የሚለኝ። ሻዩን አፍንጫው ሥር ይዞለት ጠበቀ። ከዚያ ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ፤ አምቡላንስ ጠራ።

ሐኪሙ “ገና ዓይኑን ሲጨፍን ነው የሄደው፣ ወዲያው ብትጠሩም አንደርስለትም ነበር” ብሎናል። ሸምሱ ይህን አያምንም። ከጥር በኋላ ቤታችን መጥቶ አያውቅም። ስደውል ሥራ ላይ ነኝ ይላል። አንድ ቀን ብቻ “እህቴ፣ በሞተ ጓደኛዬ ላይ ስቄያለሁ፤ እናቱ ይህን ብትሰማ ምን ትለኛለች?” አለኝ። ለዚያ ነው ስሙን የሸሸግኩት። ለእርስዎም፣ ለእሱም ፈርቼ ነው።

አሁን የደበቅኩት ነገር የለም።

ሰርካዲስ



ደሴ
ጳጉሜን 2 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርካዲስ፤

የሚመጣው ዓመት ከዚህኛው የተሻለ ይሁንልሽ፤ ለፅዮንም የጤናና የትምህርት ይሁንላት።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ በሩን ዘግቼ ብቻዬን አነበብሁ። ሁለት ቀን ምንም አልበላሁም። በሦስተኛው ቀን ሰብለወርቅ ከፍ፣ ሳብ አድርጋ ገባችና “ምን ሆነሽ ነው?” አለችኝ። አነበብሁላት። ባልዲው ጋ ስደርስ እሷ አለቀሰች፤ እኔ አላለቀስሁም። ያን ጊዜ “በጥር ታውቂ ነበር?” አልኋት። “አውቅ ነበር” አለች። “አንቺ ስትስቂ እኔ እያነበብሁ እንባዬ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ አንጋጥጬ ነበር” አለችኝ። እሷም ስንት ተሸክማለች።

ከታች ያለውን ለሸምሱ ስጪው። ራሱ ያንብበው።

“ልጄ ሸምሱ፤ አላህ ያጽናህ። ኮምቦልቻ ከእኛ ቁልቁል ነው፤ አንተ የአገሬ ልጅ ነህ።

“እኔ ማኑሄን ዘጠኝ ወር ተሸክሜ፣ ወልጄ፣ ሃያ አራት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ሞቶ ሲጫወት አንድም ቀን ለይቼው አላውቅም። ሁልጊዜ ያታልለኝ ነበር። እናቱ ያልለየሁትን አንተ በምን ትለየዋለህ?

“ደግሞ ስማኝ። እሱ ያን ቃል የተናገረው እንድትስቅለት ነው። ሳቅህለት። የፈለገውን ሰጠኸው። እኔ እዚያ ብሆን ኖሮ እጮህበት ነበር፤ ጩኸቴን እየሰማ ይሄድ ነበር። አሁን ግን ልጄ ሥራውን ጨርሶ፣ እጁን በሙቅ ውሃ ታጥቦ፣ የጓደኛውን ሳቅ እየሰማ ሄደ። ብዙ እናት ይህን ለልጇ አላገኘችም።

“እኔም በጥር በጋቢህ ስቄያለሁ። ከመርዶው ወዲህ ያ ሳቅ አንቆኝ ነበር የከረመው፤ ልጇ ሞቶ የሳቀች እናት እያልሁ። ያንተን ስሰማ ግን በአንተ ልፈርድ አልቻልሁም። በአንተ ካልፈረድሁ በራሴስ እንዴት እፈርዳለሁ? ሁለታችንም ሳናውቅ ነው። ሁለታችንንም ያሳቀን እሱ ነው።

“ስለዚህ ወደ ቤቱ ግባ። ሰርካዲስን አትሽሻት። ቧንቧዋ ቢበላሽ ማን ሊጠግንላት ነው? ከሱ ያየኸው ትንሽ ነገር አይጠፋም።

እናትህ ትርንጎ”

ሰርካዲስ፣ ያንቺን ሦስት ደብዳቤዎች ከሌሎቹ ጋር በአንድ ክር አሰርኋቸው።



ሜስኪት
መስከረም 25 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእማማ፤

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎ።

ደብዳቤውን ለሸምሱ ሆቴሉ ድረስ ወስጄ ሰጠሁት። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አነበበ፤ እኔ ውጭ ቆሜ ጠበቅኩ። ጨርሶ መስኮቱን ዝቅ አደረገና “በኔ ጋቢ ነው የሳቁት?” አለ። አዎ አልኩት። “ከዚያስ ድገሚልኝ አሉ?” አለኝ። ሁለት ጊዜ ተነቧል አልኩት። መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ሳቀም።

እሑድ መጣ። የኩሽናው ቧንቧ ከሰኔ ጀምሮ ይንጠባጠብ ነበር። ሲንኩ ሥር ገባ፤ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ሲወጣ ከበፊቱ ይልቅ ይፈስሳል። “ማኑሄ ያጥፋህ አንተ ቧንቧ” አለና አራታችን… ሦስታችን ሳቅን። አራት ብዬ የጻፍኩትን አልሰርዘውም። በሚቀጥለው እሑድ ተመልሶ አሳካው።

ኅዳር 14 እሑድ ይውላል። ሙት ዓመቱን ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚሁ ቤት እናደርጋለን፤ በሱ እጅ ቤቱ የተጠገነለት ሁሉ ይመጣል። ሁለት ነገር ልለምንዎ። አንደኛ፣ ለተሰበሰበው ሰው የሚነበብ ደብዳቤ ይጻፉልኝ። ሁለተኛ፣ ቄሱ ለጸሎቱ የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ፤ አላውቀውም። የተጋባነው ሱዳን በስደት ነው፤ ጠይቄው “ቅዱስ ካቻቢቴ” ብሎ ቀልዶብኛል፣ “እውነተኛውን የምታውቀው እማ ናት” እንዳለኝም ቀረ። ሲቀበርም በዓለም ስሙ ነው የተጸለየለት። ይህ በጣም ይከነክነኛል።

ፅዮን ከታች ራሷ ትጽፋለች። አላረምኩላትም።

ሰርካዲስ

አያቴ እኔ ፅዮን ነኝ። 10 ዓመት ነኝ። ስህተት ካለ ሶሪ። አባዬ የጓሮ በር ላይ ሎክ ሠርቷል። ከፍ ታደርጋለህ ወደ አንተ ትስባለህ። ጓደኞቼ አይችሉም። ጋሽ ሸምሱ መጀመሪያ አልቻለም አሁን ቻለ። እማዬ አንቺም እንደዚህ በር አለሽ አለች። ኦኬ ሶ እኔ የአባዬ ካቻቢቴ አለኝ። የልብስ ክሎዜት በር ፊክስ አደረግኩ። በሰመር ከእማዬ ጋር እመጣለሁ። በሩን እኔ እከፍታለሁ። አንቺ እንዳትነሺ።



ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር
ጥቅምት 19 ቀን 1990 ዓ.ም.

በልጄ ቤት ለተሰበሰባችሁ ሁሉ፤

ለለቅሶው ለመጣችሁ፣ ዛሬም ላልቀራችሁ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። ስማችሁን አላውቅም። ቧንቧችሁን ግን አውቃለሁ፤ በራችሁን፣ ምድጃችሁን አውቃለሁ። ልጄ በደብዳቤ ሲነግረኝ ኖሯል። ከእናንተ መሃል ውሃ በጣሪያዋ የገባባትን፣ ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በራሱ መስኮት ሲገባ የታየውን፣ ሁሉን አውቃችኋለሁ። ማን እንደሆናችሁ እናንተ ታውቃላችሁ።

ልጄ ትልቅ ሰው አልነበረም። የተሰበረ ነገር አይቶ ማለፍ የማይችል ሰው ነበር። ሲሠራ ያወራል፣ ሲያወራ ያስቃል። ቤታችሁ ውስጥ ካለ ነገር እሱ የነካው ስንት እንደሆነ ዛሬ ስትገቡ ቁጠሩት። እኔ ቤት ያለው አንድ መቀርቀሪያ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። መርዶ ይዞ የመጣውን ሰው ብቻ አላስገባ ብሎ ትንሽ አቆየልኝ።

ዛሬ አልቅሱ፤ ሙት ዓመት ነውና። ግን ሸምሱ የጋቢውን ነገር ሳያወራ እንዳይሄድ። ለእኔ ብላችሁ ሳቁ። እኔ ፈቅጃለሁ።

ፅዮን፣ ልጄ፣ ስህተትሽን ቆጥሬ አልጨረስሁትም፤ እኔም እንዳንቺ ሆኜ ነው የጀመርሁት። ስትመጪ በሩን ዘግቼ ውስጥ እቀመጣለሁ። ሲከፈት እሰማዋለሁ። አልነሳም።

ሰርካዲስ፣ የጠየቅሽኝ ስም ይኸውልሽ። ልጄን በአርባ ቀኑ ክርስትና ያስነሳሁት ፍሥሐ ፅዮን ብዬ ነው። ደብቆሽ አልነበረም፤ ልጃችሁ ስትወለድ ከስሙ ግማሹን ሰጥቷት፣ አንቺም በየቀኑ ስትጠሪው ኖረሻል።

እንግዲህ ለሁላችሁም የቀረኝ ልመና አንድ ነው። ይህን ደብዳቤ የምትሰሙ፣ ወደፊትም በእጃችሁ ገብቶ የምታነቡት፣ ልጄን በዓይናችሁ ያላያችሁትም ብትሆኑ፣ አንድ አፍታ ቆሙልኝ። ሸምሱና ወገኖቹ በዱዓችሁ አስቡት፤ አላህ ይዘንለት በሉ። ክርስቲያኖቹ በስሙ ጥሩልኝ። ዓመት ሙሉ ያለ ስሙ ተጸልዮለታልና፣ ስሙን ቀስ ብላችሁ፣ እኔ ይህን እንደምጽፍ ቀስ ብላችሁ ጥሩት።

የፍሥሐ ፅዮንን ነፍስ ይማርልን በሉልኝ።

እናቱ ትርንጎ